ከስብሰባ እኩሌታው ላይ መገኘት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተነገረ)



ከሁሉ አስቀድሞ ዓመቱን አስጨርሶ ለዛሬው ቀን ላደረሰን አምላክ ምስጋና ይድረሰው። በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ለቀረነውም ዕድሜና ጤና ይስጠን።

ኮሚቴው «በጉባኤው ላይ አንድ ነገር ተናገሩ» ብሎ ሲጠይቀን፣ እኛ ምን እናውቃለን ብለን ነበር። የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያም የጽሕፈት መኪና ተምረን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገባን፤ ጡረታ እስክንወጣ ድረስም ደብዳቤ ስንመዘግብ፣ ፋይል ስናወጣና ስናገባ ኖርን። ሆኖም አንድ የምናውቀው ነገር አለ፤ እሱም በስብሰባ ላይ መገኘትና በመዝገብ ላይ መገኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ይህንንም በመጽሐፍ አላገኘነውም፤ በራሳችን ጥፋት ነው የተማርነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን፣ ሰው ስብሰባውን በሙሉ መቀመጥ ባይችል ከየትኛው ክፍል ላይ መገኘት ይገባዋል በሚለው ላይ ይሆናል።

በመሥሪያ ቤት ሳለን የሰዓት ፊርማ መዝገብ የምንይዘው እኛ ነበርን። ጧት 2 ሰዓት ከ30 ሲሆን በቀይ እስክሪብቶ መስመር እናሰምራለን፤ ከመስመሩ በላይ የፈረመ በሰዓቱ የገባ፣ ከመስመሩ በታች የፈረመ ያረፈደ ነው። ታዲያ ከመስመሩ በላይ ከሚፈርሙት አንዳንዱ ኮቱን ወንበሩ ላይ አንጠልጥሎ ይወጣና እስከ ምሳ ሰዓት አይመለስም። አለቃ መጥቶ «የት ሄደ?» ሲል «ኮቱ አለ፤ እዚሁ ነው» ይባላል። ባለጉዳይ ግን ከኮት ጋር ጉዳይ አይጨርስም። እኛም ያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰው እንታዘብ ነበር። ጡረታ ከወጣን በኋላ በገዛ ዕድራችን ያንኑ እንደምናደርግ ማን ያውቅ ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ስብሰባ አንዲት የዕድራችን አባል ጥያቄ አቀረቡ። ስማቸውን አናነሣም፤ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቤታቸው የሚያኖሯቸው አንዲት አሮጊት አክስት ነበሯቸው፤ እሳቸውን ከልጅነት ጀምሮ ያሳደጓቸው ናቸው። ያን ጊዜ በነበረው ደንባችን ዕድሩ የሚቀብረው አባሉንና የትዳር ጓደኛውን፣ ልጆቹን፣ ወላጆቹን፣ ወንድሞቹንና እኅቶቹን ነበር፤ አክስት አልተጻፈችም። እትዬም «ለእኔ እናቴ እሳቸው ናቸው፤ በእናት ይመዝገቡልኝ» ብለው ጠየቁ። ደንብ ለማሻሻል ደግሞ ከአባላቱ እኩሌታ በላይ ተገኝቶ እጅ ማውጣት አለበት። ጉዳዩ «ልዩ ልዩ» በሚለው በመጨረሻው አጀንዳ ውስጥ ነበር።

እዚያ ላይ ሲደረስ ዳኛው ሰው ቢያስቆጥሩ ምልዓተ ጉባኤው የለም። በስም ጥሪ ጊዜ ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ አሁን ግን ወንበሩ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ ለኅዳር ተላለፈ። በኅዳርም እንዲሁ ሆነ፤ ለታኅሣሥ ተላለፈ። በታኅሣሥም እንዲሁ።

በሦስቱም ወር እኛ ፈርመናል። በጥቅምት መዋጯችንን ከፍለን ሽማግሌ ልንላክ ነበርና ወጣን። በኅዳር የቤታችንን ጣራ የሚሠራ ሰው ቀጥረን ስለነበር ወጣን። በታኅሣሥ ግን ምንም ምክንያት አልነበረንም፤ ሰው ሲወጣ አየንና አብረን ወጣን። እውነቱ ይኸው ነው።

ገና ሊውል አራት ቀን ሲቀረው አሮጊቷ ዐረፉ። በዚያን ዕለት ጧት የጡሩምባ ድምፅ አልሰማንም፤ ስማቸው በመዝገብ ስለሌለ ጡሩምባ ነፊው አልታዘዘም። ድንኳኑም ከዕቃ ቤት አልወጣም። ዳኛውን አንወቅሳቸውም፤ ደንብ ደንብ ነው፤ በአንድ ሰው ዐዘን ደንቡን ቢጥሱ በሌላው ጊዜ ምን ይመልሳሉ? እኛ የሰማነው ከቀትር በኋላ ከጎረቤት ነበር። ብንሄድ በግቢው ውስጥ ሸራ በገመድ ተወጥሯል፤ ከጠላ ቤት የተለመነ አግዳሚ ተደርድሯል፤ ሰዉም ጥቂት ነው። ገብተን «እግዜር ያጽናዎት» ብንላቸው እትዬ ቀና ብለው አዩንና፣ «ምንም አይደል ጋሼ፤ ሥራ በዝቶባችሁ ነው» አሉን።

ወገኖቼ፣ ቢሰድቡን ይሻል ነበር። ሥራ በዝቶብን አልነበረም። በመዝገቡ ላይ ሦስት ጊዜ ተገኝተናል፤ በጉዳዩ ላይ ግን አንድ ጊዜም አልተገኘንም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ስናስብ ቆይተናል። «ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቀመጥ» ለማለት አይደለም። ይህማ አይሆንም። ከእኛ መካከል የጥበቃ ሥራ ያለው አለ፤ ከቀኑ 12 ሰዓት ላይ ተረኛ ነው። ታክሲ የሚነዳ አለ፤ እሑድ ገበያው ነው። በሽተኛ የምታስታምም፣ ሕፃን የምታጠባ እናት አለች። በልማት ምክንያት ከሰፈሩ ተነሥቶ ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገባ፣ ነገር ግን ዕድሬን አልለቅም ብሎ ሁለትና ሦስት ታክሲ እየቀያየረ የሚመጣ አባል አለን። ይህን ሰው «ለምን እስከ ማታ አልተቀመጥህም» ማለት ግፍ ነው። ዕድር በአዲስ አበባ ከጠላት ወረራ ዘመን በኋላ በእጅጉ የተስፋፋው እኮ ከየአገሩ መጥቶ ከዘመዱ የራቀው ሰው በጎረቤቱ እንዲቀበር ነው። አሁን ደግሞ ጎረቤቱም ሲርቅ ይዘነው መቆየት ይገባናል።

ስለዚህ እኩሌታው ላይ መገኘት በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ የትኛው እኩሌታ እንደሆነ ሳያስቡ መገኘት ነው። ማንኛውም መሰባሰብ፣ መደበኛ ስብሰባም ባይሆን፣ ሰው የሚፈለግበት አንድ ክፍል አለው። ጥቂት ምሳሌ እናንሣ።

እቁብን እንውሰድ። በእቁብ ቤት ዋናው ገንዘቡ በሰዓቱ መግባቱና ዕጣው ሲወጣ ማየቱ ነው። ገንዘብህን በታመነ ሰው ብትልክ እቁቡ አይጎዳም። ዕጣ የወጣለት ጓደኛህ ዋስ ሁነኝ ብሎህ ከሆነ ግን በዚያ ሰዓት መቅረት ወዳጅን ማዋረድ ነው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብትቀር ለዋስትናው ድረስለት።

የጽዋ ማኅበርን እንውሰድ። ብዙ ሰው ለጠላውና ለዳቦው ደርሶ ጠግቦ ይወጣል። የማኅበሩ ነገር ግን ያለው በመጀመሪያው ጸሎትና፣ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ በሚተላለፍበት በመጨረሻው ላይ ነው። ተረኛው ጽዋውን ሲረከብ ማኅበርተኛው ቆሞ ካላየለት ምን ልብ ይኖረዋል? መቆየት የማትችል ከሆነ ለሙሴው ነግረህ ጸሎቱ ላይ ተገኝ፤ ምግቡን ለሌላው ተወው።

ቡናውንም ቢሆን እናንሣው። እናቶቻችን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው ሦስት ጊዜ ያፈላሉ። አቦሉን ጠጥቶ የሚነሣ ሰው ቡና ጠጣ እንጂ ጎረቤቱን አልጠየቀም። የተኳረፉ ጎረቤቶች የሚታረቁት፣ የከፋት ሴት ልቧን የምትገልጠው በረካው ላይ ነው። አንድ ስኒ ብቻ የምትጠጣበት ጊዜ ካለህ አንዳንድ ቀን ዘግይተህ ለበረካው ግባ።

ወደ ልቅሶ ቤት እንመለስ፤ ዋናው ሥራችን እሱ ነውና። በቀብሩ ዕለት ሁሉም ይመጣል። ድንኳኑ ይሞላል፤ እስከ ሠልስት እዝኑ በየተራ ይገባል፤ ካርታ የሚጫወተውም አይጠፋም። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ግን ቤቱ ጭር ይላል። ባሏ የሞተባት ሴት በአምስተኛው ቀን ማታ ብቻዋን ከልጆቿ ጋር ትቀመጣለች። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ አገራችን ሲገባ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበርና ሁላችንም በሩቅ እጅ ነሥተን መሄድ ጀመርን፤ ያን ጊዜ ግድ ነበር። በሽታው ከበረደ በኋላ ግን ብቅ ብሎ መጥፋቱ ልማድ ሆኖ ቀረ። እኛ የምንለው፣ ሦስቱን ቀን ሙሉ መቀመጥ የማትችል ከሆነ ከቀብሩ ተገኝና ከሁለተኛው ቀን ግርግር ይልቅ የአምስተኛውን ቀን አንድ ሰዓት ምረጥ። ዐዘንተኛ የማይረሳው እሱን ነው።

አሁን ወደ ዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ እንምጣ። እኩሌታው ላይ ብቻ መገኘት ለሚችል አባል አምስት ነገር እንመክራለን።

አንደኛ፣ አጀንዳውን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ጸሐፊያችን ስልክ አላቸው፤ ወረቀትም በዕቃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። «ዛሬ እጅ የሚወጣበት ጉዳይ አለ ወይ? የማንስ ጉዳይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሪፖርት ብቻ የሚነበብ ከሆነ ሪፖርቱን ኋላ ማንበብ ይቻላል። እጅ የሚወጣበት ከሆነ ግን እጅ በሰው አይላክም።

ሁለተኛ፣ አስቀድሞ መናገር ነው። «እስከ 10 ሰዓት ብቻ ነው የምቆየው» ብሎ ለዳኛው የተናገረ ሰው እንደ ቀሪ አይቆጠርም፤ ዳኛውም ከቻሉ ጉዳዩን ወደ ፊት ያመጡለታል። ከኮንዶሚኒየም የሚመጣ አንድ አባላችን አምና ያደረገው ይህንኑ ነው። ስለ አዲሱ ድንኳን ግዢ ሐሳብ ነበረው፤ ለጸሐፊው ደውሎ ነገረ፤ ጉዳዩ ሁለተኛ ሆኖ ተያዘለት። መጥቶ የሸራውን ዓይነትና የብረቱን ውፍረት አስረድቶን፣ እጁን አውጥቶ፣ በሰዓቱ ሄደ። የተቀመጠው አንድ ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ስናንቀላፋ ከዋልነው ከእኛ ይልቅ እሱ ተሰብስቧል።

ሦስተኛ፣ አገባብና አወጣጥ ነው። የእኛ ሰው ጨዋ ነው፤ ሰው ሲገባ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል፤ የገባውም «በእግዜር!» ይላል። ደግ ባህል ነው። ነገር ግን 20 ሰው ተራ በተራ አርፍዶ ሲገባ 20 ጊዜ ንግግር ይቋረጣል፤ የሚናገረውም ሰው ሐሳቡ ይጠፋበታል። ስለዚህ ያረፈደ ሰው ተናጋሪው እስኪጨርስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ፤ ገብቶም ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ። የሚወጣውም እንደ ሌባ በጓሮ አይውጣ፤ በሁለት ጉዳዮች መካከል ተነሥቶ «ፈቃዳችሁ ይሁን» ብሎ ይሂድ። ሰው በግልጥ ሲወጣ ዳኛው ስንት ሰው እንደቀረ ያውቃሉ። ተደብቆ ሲወጣ ግን ሌላውም ይከተለዋል። እኛ በታኅሣሥ የወጣነው እንዲህ ነበር፤ ከኋላችንም ስንት ሰው እንደተከተለን እግዜር ይወቅ።

አራተኛ፣ በሌለህበት የተወሰነውን መቀበል ነው። አንዳንዶቻችን ስብሰባውን ጥለን እንሄድና በሚቀጥለው ወር «ይህ እኔ በሌለሁበት የተደረገ ነው፤ አይጸናም» እንላለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሐሳብ ካለህ ከመውጣትህ በፊት ተናገረው፤ ወይም ጽፈህ ለጸሐፊው ስጥ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልሃል። ከዚያ በኋላ የብዙኃኑ ድምፅ የአንተም ነው።

አምስተኛ፣ ለፊርማ ብቻ አለመምጣት ነው። በእኛ ደንብ የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ቅጣቱን ፈርተን መጥተን ፈርመን እንሄዳለን። ይህ ግን ከመቅረት ይከፋል፤ ምክንያቱም የቀረ ሰው መቅረቱ ይታወቃል፤ ፈርሞ የጠፋ ግን አለ እየተባለ የለም። መምጣት ካልቻልህ በቅንነት ቅርና መቀጫህን ክፈል። ያ ገንዘብ ቢያንስ ለንፍሮው ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለአባሉ ብቻ ብንናገር ፍርደ ገምድል እንሆናለን፤ ለኮሚቴውም ድርሻ አለው። ስብሰባው በ8 ሰዓት ተብሎ በ9 ሰዓት ተኩል ከተጀመረ፣ የሰው ሰዓት የበላው ኮሚቴው ነው። የአንድ አባል ኀዘንና ችግር ያለበት ጉዳይ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ተከቶ፣ ስለ ብርጭቆ መሰበር አንድ ሰዓት ከተከራከርን፣ ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ደግነቱ ከዚያች ገና በኋላ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ስብሰባ ሁለት ነገር ተወሰነ። የአባላት ጉዳይ ከሪፖርት በፊት እንዲቀርብ፣ መዋጮም በመጨረሻ እንዲሰበሰብ ሆነ፤ ስም ጥሪውም በመግቢያና በመውጫ ሁለት ጊዜ ሆነ። አባሉ በቤቱ የሚጦረው ሽማግሌ ወይም አሮጊት፣ ያሳደገውም ልጅ ቢሆን፣ በቤተ ሰብነት እንዲመዘገብም ተወሰነ። በዚያን ዕለት እኩሌታ ሲደመር አንድ አይደለም፤ ቆሞ የሚሰማ ሰው እስኪኖር ድረስ ቤቱ ሞልቶ ነበር።

እትዬም ነበሩ። እጅ ሲወጣ እሳቸውም እጃቸውን አወጡ። ለአክስታቸው የማይጠቅመውን ለሌላው ሰው አክስት አወጡ። እኛም ያን እጅ አይተን አንገታችንን ደፋን።

ስንት ሰዓት መቀመጥ እንዳለብን ሁላችንም እንደ ኑሯችን እናውቃለን፤ ይህን ማንም ሊወስንብን አይችልም። ሰው የሚጠብቀን በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ግን መጠየቅ አለብን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሃምሳችንም ፈርመን ከሄድን ግን ሎሚው ለአንዲት ሴት ይቀራል፤ እሷም ሸራ በገመድ ወጥራ ብቻዋን ትቀመጣለች።

የሚቀጥለው ስብሰባ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ በ8 ሰዓት ነው። አጀንዳው በበሩ ላይ ተለጥፏል፤ ስትወጡ አንብቡት። ሦስተኛው ላይ የአንድ አባላችን ጉዳይ አለ። ሙሉውን የምትችሉ ሙሉውን ኑ፤ የማትችሉ ለእሱ ድረሱ። እኛም ቀድመን መጥተን ከበሩ ራቅ ብለን እንቀመጣለን፤ ለመውጣት እንዳይመቸን።

በንግግራችን ያስቀየምነው ሰው ቢኖር በትልቅነታችሁ ይቅር በሉን። እግዜር ዕድራችንን ይባርክልን፤ ሥራውንም ያሳንስለት!